ለአካሉ የምትሞት ሴል

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ለጸሎት እጃችሁን ስትዘረጉ እስቲ ጣቶቻችሁን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በእናታችሁ ማኅፀን ገና ሳምንታት ሳላችሁ ጣቶቻችሁ አልተለያዩም ነበር፤ በመካከላቸው እንደ ዳክዬ እግር ስስ ሥጋ ነበረ። በዚያ ስፍራ የነበሩት ሴሎች ጊዜያቸው ሲደርስ በሥርዓት ሞቱ፤ ጣቶቹም ተለያዩ። አሟሟታቸው በውስጣቸው ተጽፎ ነበር። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እጄን ዘርግቼ ሳልደነቅ ጸልዬ አላውቅም።

በሰው አካል ውስጥ 30 ትሪሊዮን ገደማ ሴሎች አሉ። ቀይ የደም ሴልን ብቻ እንይ። ኦክስጅን ለመሸከም ቦታ እንዲኖራት የሥራ መመሪያዋ (ዘረ መሏ) የሚቀመጥበትን ማዕከሏን፣ ኒውክለሷን እንኳ አውጥታ ትጥላለች። 120 ቀን ያህል ከሳንባ ተቀብላ ለሌሎች ስታደርስ ትኖራለች፤ ለራሷ ግን ከዚያ ኦክስጅን አትጠቀምም። ስታረጅ በጣፊያና በጉበት ትፈርሳለች፣ ብረቷም ለአዲሶቹ ይውላል። ጤና የምንለው ይህንን ነው፤ እያንዳንዷ ሴል ሥራዋን ስትሠራ፣ በጊዜዋም ቦታ ስትለቅ።

ካንሰርስ? የራሳችን ሴል ናት። ዘረ መሏ ይጎዳና «በቃሽ» የሚለውን ትእዛዝ መስማት ትተዋለች። ሙቺ ስትባል እምቢ ትላለች። የደም ሥር ወደ ራሷ ትስባለች፣ የጎረቤቶቿን ስፍራ ትወርራለች። አካሉ ሲሞት ግን እሷም አብራ ትሞታለች። ጌታ ስለ ስንዴ ቅንጣት ሲያስተምር «ነፍሱን የሚወድ ያጠፋታል» ያለውን እዚህ በሥጋችን እናየዋለን።

አደራ፣ ይህን ምሳሌ ይዛችሁ የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ እንዳትቆሙ። ሴል በተከፋፈለች ቁጥር ዘረ መሉ ሲገለበጥ ስህተት ሊገባ ይችላል፤ ሕፃናትም በካንሰር ይታመማሉ። ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ለጠየቁት ደቀ መዛሙርት ጌታ የመለሰውን አስታውሱ። መመርመርና መድኃኒት መውሰድም እምነት ማጣት አይደለም፤ ሐኪሙ የሚያግዘው ፈጣሪ በሴሎቻችን ያኖረውን ሥርዓት ነው።

ምሳሌው በአገልግሎት ላይ ላለን ለእኛ ነው። ወንበሩን ለታናሹ ልቀቅ ሲባል ስንቶቻችን ደስ ይለናል? ጉባኤው እኛ ያለንበት ክፍል ብቻ እንዲያድግለት የምንመኝስ? አገልግሎታችን ሲሰፋ ከማን ስፍራ ላይ እየሰፋ እንደሆነ የምንጠይቅ ጥቂት ነን።

እኔም ልቀቅ ተብዬ ያልለቀቅሁት ነገር አለ። ዛሬ ማታ እጄን ስዘረጋ በስሙ ጠርቼ በጌታ ፊት አቀርበዋለሁ። ጸልዩልኝ።