አድሬነርጂክ ተቀባይ ምንድን ነው?

የደነገጠ ሰው ፊቱ ይገረጣል፣ መዳፉም ይቀዘቅዛል፤ ልቡ ግን በኃይል ይመታል፣ የእግሩ ጡንቻም ለሩጫ ይሰናዳል። ከኩላሊቶች አናት ላይ ከሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች የሚመነጨው አድሬናሊን ከደም ጋር መላ አካልን የሚያዳርስ ሆኖ ሳለ፣ የቆዳን ደም ወሳጅ ቧንቧዎች እያጠበበ የጡንቻን እንዴት ሊያሰፋ ቻለ? መልሱ ያለው ከሆርሞኑ ዘንድ ሳይሆን ከቧንቧዎቹ ግድግዳ፣ አድሬነርጂክ ተቀባይ ከሚባሉት ፕሮቲኖች ዘንድ ነው።

እነዚህ ፕሮቲኖች በግድግዳው ለስላሳ ጡንቻ ሕዋሳት ሽፋን ላይ ሆነው አድሬናሊንን፣ እንዲሁም በዋናነት ከነርቭ ጫፎች የሚለቀቀውን ኖርአድሬናሊንን ይቀበላሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሬይመንድ አልክዊስት በ1948 እ.ኤ.አ. አልፋና ቤታ ብሎ በሁለት ከፈላቸው። ሆርሞኑ አልፋ አንድ ከተባለው ጋር ሲጣመር በሕዋሱ ውስጥ ካልሲየም ይጨምርና ጡንቻው ይኮማተራል፤ ከቤታ ሁለት ጋር ሲጣመር ደግሞ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው መልእክተኛ ይበዛና ጡንቻው ይላላል። ለውጡ ጎልቶ የሚታየው አርቴሪዮል በሚባሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች ላይ ነው፤ የአንዱ ሬዲየስ በግማሽ ቢቀንስ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ የሚያልፍበት ደም ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ገደማ ይወርዳልና።

በቆዳ፣ በአንጀትና በኩላሊት አልፋ ስለሚያይል ቧንቧዎቹ ይጠባሉ። ኩላሊቶች በእረፍት ጊዜ ልብ በደቂቃ ከሚረጨው 5 ሊትር ያህል ደም አንድ አምስተኛ ገደማውን ስለሚወስዱ፣ የእነርሱ መጥበብ ለሌላው አካል የሚተርፈው ደም ቀላል አይደለም። በአጥንት ላይ ባሉ ጡንቻዎች ግን ሁለቱም ዓይነት ተቀባዮች በብዛት ስላሉ ውጤቱን የሚወስነው መጠኑ ነው፤ ጥቂት አድሬናሊን በቤታ ሁለት በኩል ያሰፋል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን አልፋ ያሸንፍና እዚያም ያጠባል። «አድሬናሊን የጡንቻን ቧንቧ ያሰፋል» የሚለው የተለመደ አነጋገር ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። ለቤታ ሁለት እምብዛም የማይስማማው ኖርአድሬናሊን ጡንቻ ውስጥም ቢሆን ያጠባል፤ በሩጫ ጊዜ የሚታየውን ከፍተኛ መስፋት በዋናነት የሚያመጡትም የሚሠራው ጡንቻ ራሱ የሚያመነጫቸው ንጥረ ነገሮች ናቸው። የልብ ቧንቧዎችም እንዲሁ ከሆርሞኑ ይልቅ ለልብ ጡንቻ የሥራ ብዛት ይታዘዛሉ። የአንጎል ቧንቧዎች ደግሞ ፍሰታቸውን በራሳቸው ስለሚቆጣጠሩ ለሆርሞኑ የሚሰጡት ምላሽ አነስተኛ ነው።

ሌላው የውጥረት ሆርሞን ኮርቲሶል ቧንቧዎች ለአድሬናሊንና ለኖርአድሬናሊን ያላቸውን ስሜት ያጎለብታል፤ ኮርቲሶል እጅግ ያነሰው ሕመምተኛ የደም ግፊቱ የሚወርድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ይህ ልዩነት በሕክምና ላይም በግልጽ ይታያል። ለሕይወት አስጊ የሆነ አለርጂ ሲያጋጥም አድሬናሊን የሚወጋው ከቆዳ ሥር ሳይሆን በጭን ጡንቻ ነው፤ ከቆዳ ሥር ቢወጋ በአካባቢው ያሉትን ቧንቧዎች አጥብቦ የራሱን ሥርጭት ያዘገያልና። የጥርስ ሐኪም ግን ይህንኑ መጥበብ ሆን ብሎ ይፈልገዋል፤ ከማደንዘዣው ጋር ጥቂት አድሬናሊን ሲቀላቀል መድኃኒቱ በድድ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፣ የሚፈሰውም ደም ይቀንሳል።