ሪቡት ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ደሴ እኛ ቤት መጥቶ ነበር። እናቴ ቡና እየቆላች ነው። ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና «አያ፣ ስፓይደርማን ስንት ነው?» አለኝ።

ልጁ ሦስት ፊት አይቷል። ሦስቱም ፒተር ፓርከር ይባላሉ። ሦስቱንም ሸረሪት ነክሷቸዋል። አንዱ ሌላውን ጭራሽ አያውቀውም። ከዚያ ደግሞ በ2021 በወጣው ፊልም ሦስቱን ጎን ለጎን ቆመው አገኛቸው። ቢምታታበት አልፈርድበትም።

የጥያቄው መልስ አንድ ቃል ነው። ሪቡት።

ቃሉ ከኮምፒውተር የመጣ ነው። ስልካችን ስታክ ሲያደርግ አጥፍተን እናበራዋለን አይደል? ዕቃው ያው ነው፤ ውስጡ የተጠላለፈው ነገር ግን ይጠራል። በፊልም፣ በኮሚክስ (በሥዕል በሚተረክ መጽሔት) እና በጌምም እንዲሁ ነው። ሪቡት ማለት የአንድን ጀግና የቀድሞ ታሪክ እንዳልነበረ ቆጥሮ፣ ጀግናውን ብቻ ይዞ፣ እንደ አዲስ መነሳት ነው። አክተሩ ይቀየራል። ብዙውን ጊዜ ዳይሬክተሩም ይቀየራል። በፊተኛው ፊልም የሞተው ሰው በሕይወት ይገኛል፤ የተጋቡት ገና አልተዋወቁም።

ለልጁ ግን እንዲህ ብዬ አላስረዳሁትም። እናቴ ጀበናውን ስታዘጋጅ አየሁና በቡና ነገርኩት።

መጀመሪያ አቦል ይጠጣል። ከዚያ እዚያው አተላ ላይ ውሃ ይጨመርና ቶና ይፈላል። ቀጥሎ በረካ። ሦስቱም የሚወጡት አንዴ ከተቆላ ቡና ነው። በፊልም ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት፣ ክፍል ሦስት የምንለው ይህን ነው። በረካው ውሃ ውሃ ቢል ማንም አይቆጣም፤ ወጉ ነው። ግን በረካው ካለቀ በኋላ እንግዳ ቢመጣስ? እናቴ ለእንግዳ አራተኛ ውሃ አትጨምርም። አተላውን ትደፋለች፣ ጀበናውን ታለቀልቃለች፣ ሌላ ቡና ትቆላለች። ሪቡት ይኸው ነው። ቡናው አዲስ፣ ጀበናው ያው።

አሁን ወደ ስፓይደርማን እንመለስ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ዳይሬክተር ሳም ሬይሚ ከቶቢ ማጓየር ጋር ሦስት ፊልም ሠራ፤ በ2002፣ በ2004 እና በ2007። አራተኛው ታስቦ ነበር፤ በ2010 ቀረ። በ2012 አንድሩ ጋርፊልድ መጣ፣ በ2014 ደገመ። በ2016 ደግሞ ቶም ሆላንድ በሌሎች ጀግኖች ፊልም ውስጥ ብቅ አለ፤ በዓመቱ የራሱን አገኘ። በ15 ዓመት ውስጥ አተላው ሁለት ጊዜ ተደፋ ማለት ነው።

የ2002ቱን ያየሁት ልጅ ሆኜ፣ ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ወንበር፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ፣ ከፊት አንድ ቴሌቪዥን። አጎቱ ቤን ሲሞት ክፍሉ ጭጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ መብራት ሄደ። መጨረሻውን ያየሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ያ አጎት ከሐሳቤ አልወጣም። የመጨረሻ ንግግራቸው ጭቅጭቅ ነበር፤ ልጁ ይቅርታ ሳይለው ሞተ። እና በ2012ቱ ፊልም አጎቱ ድጋሚ ሞተ። በአሥር ዓመቱ ያንኑ ለቅሶ ደግመን ተቀመጥን። ጋርፊልድ ግሩም አክተር ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጥፋቱ እንግዳው ሳይመጣ ቡናውን መድፋታቸው ነው። የፊተኛው ጣዕም ገና ከአፋችን አልጠፋም ነበር።

ለምን ቸኮሉ? አንዱ ምክንያት ውል ነው። የስፓይደርማን ኮሚክስ አሳታሚ ማርቭል በ1990ዎቹ ገንዘብ ሲቸግረው የጀግኖቹን የፊልም መብት ለተለያዩ ስቱዲዮዎች ሰጥቷል። ስፓይደርማን ለሶኒ ደረሰ። ውሉ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ፊልም ካልተሠራ መብቱ ይመለሳል የሚል ነው። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ቢለቅም ጀበናው ከእሳት መውረድ የለበትም። በ2015 ሶኒና ማርቭል አብረው ለመሥራት ተስማሙ፤ ሆላንድ የመጣው በዚያ ስምምነት ነው። የአራቱ ጀግኖች ፊልም፣ ፋንታስቲክ ፎርም ተመሳሳይ ዕጣ ገጥሞታል። በ2005 ተጀመረ፣ በ2015 እንደገና ተጀመረ፣ ዲዝኒ የፊልም መብቱን ይዞ የነበረውን ፎክስን በ2019 ከጠቀለለ በኋላ ደግሞ በ2025 እንደገና።

ሌላው ምክንያት እውነተኛው እንግዳ ነው። ሱፐርማን የተፈጠረው በ1938 ነው። ያኔ ያነበበው ልጅ ዛሬ ቅድመ አያት ነው። ለልጅ ልጁ ልጅ «መጀመሪያ የ80 ዓመቱን መጽሔት ጨርስ» ማለት አይቻልም። ለዚህ ነው ሪቡት ከፊልም በፊት በኮሚክስ የተለመደው። ፍላሽ የሚባለው ሯጭ በ1940 አንድ ሰው ነበር፤ በ1956 ስሙ ብቻ ተይዞ ሌላ ሰው ሆነ። በ2011 የሱፐርማን አሳታሚ ዲሲ 52 መጽሔቶችን አንድ ላይ ከቁጥር 1 አስጀመረ።

ብዙ ሰው ሪቡት ማለት የጀግናውን አጀማመር እንደገና መተረክ ይመስለዋል። አይደለም። የባትማን ወላጆች ጨለማ መንገድ ላይ ሲገደሉ በ1989 አይተናል፣ በ2005 አይተናል፣ በ2016 አይተናል። የ2005ቱን ክርስቶፈር ኖላን ሲሠራው ምክንያት ነበረው፤ ሰውዬው እንዴት ሰልጥኖ ባትማን እንደሆነ በፊልም በወጉ የነገረን አልነበረም። የ2022ቱ ግን ከነጭራሹ ዘለለው። ሮበርት ፓቲንሰንን የምናገኘው ሥራ ከጀመረ በሁለተኛው ዓመቱ ነው። ወላጆቹ መሞታቸውን ፊቱ ይናገራል። በዚያ ፊልም ደስ ያለኝ ይህ ነው፤ እኛን እንደሚያውቅ ሰው ቆጠረን።

ታዲያ አተላው ተደፍቶ የሚቀረው ጀበና ምንድን ነው? ይህን ከወሎ ሰው በላይ የሚረዳ ያለ አይመስለኝም። አምባሰል በተራራው ስም የሚጠራ ቅኝት ነው። ባቲም ከኮምቦልቻ ወደ አፋር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ከተማ ስም። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም «ይሄ እኮ ድሮ ተዘፍኗል» ብሎ የተነሳ ሰው አላውቅም። ቅኝቱ የሁሉም ነው፤ ግጥሙና ሆድ የሚያባባው ቦታ የዘፋኙ ነው። ዘፋኙ ከቅኝቱ ከወጣ ግን ሙዚቃ ያልተማረ ሰው ሳይቀር ይታወቀዋል። ስሙን አይጠራውም፤ ጆሮው ይነግረዋል።

ጀግናም ቅኝት አለው። የሱፐርማን ቅኝት ጉልበቱ አይደለም። ሁሉን መስበር የሚችል ሰው እንዳይሰብር መጠንቀቁ ነው። የ2013ቱ ፊልም ውብ ቦታዎች አሉት፤ ሙዚቃውን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ሄንሪ ካቪልም ልብሱ ያምርበታል። ግን ከተማው ሲፈርስ ከሥር ያለውን ሰው አያሳስበንም። መጨረሻ ላይ ሱፐርማን የጠላቱን አንገት ይሰብራል። ፊልሙ ያንን ያደረገበትን ምክንያት አስረድቷል፤ ጆሮዬ ግን አልተቀበለውም።

በ2025 ዳይሬክተር ጄምስ ገን ዴቪድ ኮረንስዌትን ሱፐርማን አድርጎ ይዞ መጣ። የተወለደበት ፕላኔት ሲፈነዳ አናይም። እርሻ ላይ የወደቀ ሕፃን አናይም። አጭር ጽሑፍ ይመጣና ሱፐርማን ከ3 ደቂቃ በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈ ይለናል። ከዚያ በረዶ ላይ ሲወድቅ እናየዋለን፤ ቆስሏል፣ ውሻውን በፉጨት ይጠራል። ኋላ ላይ ከግዙፍ አውሬ ጋር እየተዋጋ ሳለ አንዲት ሽኮኮ እንዳትረገጥ ያነሳታል። ለትንሽ እንስሳ ውጊያ ማቋረጡ ጅልነት ነው ያሉ ጓደኞች አሉኝ። እኔ እዚያ ቦታ ላይ ነው «አዎ፣ ይሄ እሱ ነው» ያልኩት።

እናቴ ቡና ሲያጥራት ሌላ መላ አላት። አተላውን አትደፋም፤ አንድ እፍኝ የማትሞላ አዲስ ቡና ትወቅጥና ትጨምርበታለች። ይህ ሶፍት ሪቡት ይባላል። የድሮው ታሪክ አልተሰረዘም፤ ግን አዲስ ሰው ያለ ችግር ይገባበታል። በዚህ ጌሞች ከፊልም ይበልጣሉ። ጎድ ኦፍ ዋር በ2005 ሲጀምር ክሬቶስ የግሪኩን የጦርነት አምላክ ለመግደል የተነሳ ቁጡ ሰው ነበር። በ2018 ጢሙን አሳድጎ፣ የሚስቱን አስከሬን አቃጥሎ፣ ትንሽ ልጁን ይዞ በሰሜን አውሮፓ በረዶ ውስጥ አገኘነው። ያለፈውን የማያውቅ ተጫዋች አንድ የሚያስፈራ አባት ያያል። እኛ የምናውቀው ግን ለምን ዝም እንደሚል ይገባናል። ቤቱ ወለል ሥር የደበቃቸውን የድሮ ሰይፎች ሲያወጣ ኮምቦልቻ ጓደኛዬ ቤት ነበርኩ። ሁለታችንም መቆጣጠሪያውን አስቀምጠን ዝም አልን። የስፓይደርማን ጌምም በዚያው ዓመት ወጣ። ፒተር ስምንት ዓመት ሠርቶበታል፤ እሱን ስትነክሰው ሸረሪቷን አናያትም፣ አጎቱ ሲሞትም አናይም። ወዲያው ሕንጻ ላይ እንወዛወዛለን።

አሁን የሚያሳስበኝ አተላውን መድፋትም ማቆየትም ያልፈለገው መንገድ ነው። መልቲቨርስ ይሉታል። ብዙ ዓለም አለ፣ በየዓለሙ ሌላ ስፓይደርማን አለ፣ ስለዚህ የፈለግነውን ከፈለግንበት እንጠራለን። በ2021 ሠርቶላቸዋል፤ አልክድም። ጋርፊልድ የምትወድቀውን ልጅ ሲይዝ እኔም እንባዬ መጥቷል። በ2014 የራሱን ፍቅረኛ ሳይደርስባት ቀርቶ ነበርና። ያ ግን የቆየ ዕዳ መክፈል ነው። ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በ2019 ቶኒ ስታርክን፣ ማለትም አይረን ማንን ሆኖ ሞተ፤ ዓለም ሁሉ አለቀሰለት። በ2024 እሱ ራሱ ክፉውን ዶክተር ዱምን ሆኖ እንደሚመለስ ተነገረ። ችሎታውን አልጠራጠርም። ግን ለቀብሩ የወጣሁለት ፊት ከዓመታት በኋላ በሌላ ስም ሲመጣ ያ ለቅሶዬ ምን ሊሆን ነው?

ብላክ ፓንተር የሚባለውን ጀግና የሠራው ቻድዊክ ቦስማን በነሐሴ 2020 ሲሞት በቦታው ሌላ ሰው አላስገቡም። የ2022ቱ ፊልም በለቅሶ ነው የተጀመረው። እህቱ፣ እናቱ፣ ሀገሩ ሁሉ ነጭ ለብሰው ሸኙት። ለቅሶ በወጉ ሲቀመጡት እንዲህ ነው። ታሪኩ ከዚያ በኋላ መቀጠል ቻለ።

ስለ ምፀታዊ ተከታታይ ድራማም ትንሽ ልበል፤ ከዚህ የራቀ አይደለምና። በ2019 የጀመረው ዘ ቦይስ ሪቡት አይደለም፤ ሰምና ወርቅ ነው። ሆምላንደር ካባ ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ባንዲራ ተጎናጽፎ ይበራል። ሰሙ ሱፐርማን ነው። ወርቁ ከኋላው ያለው ኩባንያ ነው። ኩባንያው ጀግናውን እንደ ሸቀጥ ይሸጠዋል፣ ስለ እሱ ፊልም ይሠራል፣ ጥፋቱን ይሸፍናል። አተላው በተደጋጋሚ በተደፋ ቁጥር እኛ «ማን አዘዘ?» ብለን አንጠይቅም ነበር። ያ ድራማ ጠየቀ። ደሙ ይበዛብኛል፣ ለልጁም አላሳየውም፤ ጥያቄው ግን ትክክል ነው። የካርቱን ድራማው ሲምፕሰንስ ደግሞ ከ1989 ጀምሮ ሳይደፋ ቀጥሏል። የቤቱ ልጅ ባርት ዛሬም 10 ዓመቱ ነው። ወላጆቹ በ1970ዎቹ ተዋደዱ ተብሎ ነበር፤ በ2008 በወጣ ክፍል ወጣትነታቸው ወደ 1990ዎቹ ተዛወረ። ይህ ማንም ሳይሰማ የሚደረግ ሪቡት ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ «እሺ፣ ከየትኛው ልጀምር?» አለኝ። ከቶቢ ጀምር አልኩት። የ2002ቱን ጨርሰን ማምሻውን ወደ 2004ቱ ገባን። ስፓይደርማን ፍሬን የተበጠሰበትን ባቡር በገዛ ጉልበቱ አቁሞ ራሱን ስቶ ይወድቃል። ተሳፋሪዎቹ በእጃቸው ተቀባብለው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ጭምብሉ የለም። አንዱ ገና ልጅ ነው ይላል፣ ከልጄ አይበልጥም።

እናቴ በረካውን እየቀዳች ነበር። እስከዚያ ድረስ ወደ ላፕቶፑ አላየችም። ቀና ብላ አየችና እጇ ላይ ያለውን ሲኒ እንደያዘች ቆመች።

«አፈር ስሆን» አለች፣ «ውሃ እንኳ የሚሰጠው የለም?»