መጥፎ ፊልም ያደነዝዛል? «የጊዜ ሽሚያ» ምንድን ነው?

«እንዲህ ዓይነት ፊልም እያየህ ጭንቅላትህ ደነዘዘ» የማይባል ቤት ያለ አይመስለኝም። ታሪኩ የተምታታ፣ ትወናው የማይረባ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው የሚታወቅ ፊልም እውነት የማሰብ ችሎታ ይቀንሳል? አጭሩ መልስ፣ ፊልሙ ብቻውን አይቀንስም። ጉዳት ካለ የሚመጣው ፊልሙ ከነጠቀን ጊዜ ነው። ተመራማሪዎች ዲስፕሌስመንት ይሉታል፤ እዚህ የጊዜ ሽሚያ እንበለው።

ነገሩ ቀላል ነው። ቀን 24 ሰዓት ነው፣ አይለጠጥም። ቴሌቪዥን ፊት ያሳለፍነው ሁለት ሰዓት ከሌላ ነገር ላይ ተቀንሶ ነው። ስለዚህ ምን አየህ ብቻ ሳይሆን ባታየው ኖሮ ምን ታደርግ ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሞኝ ገጸ ባሕርይ ማየት ራሱ ያሞኛል የሚል ሌላ ግምትም አለ፤ እሱን በአጭሩ ልለፈው። በ1998 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የወጣ የሆላንዶች ጥናት፣ ስለ ኳስ ነውጠኞች እንዲያስቡ የተደረጉ ሰዎች የጠቅላላ እውቀት ጥያቄ ላይ ስለ ፕሮፌሰር ካሰቡት ያነሰ ውጤት አመጡ ብሎ ነበር። ብዙ ተወራለት። በ2018 ግን 23 ቤተ ሙከራዎች ከ4,000 በላይ ሰዎች ላይ ደግመው ሲሞክሩት ልዩነቱ ጠፋ።

የጊዜ ሽሚያው ግን መረጃ አለው። ኖርዌይን እንይ። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ እዚያ የነበረው አንድ የመንግሥት ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ከዚያ ኬብል ገባ፣ ግን ሁሉም አካባቢ በአንድ ጊዜ አልደረሰም፤ አንዱ ጋ ቀደመ፣ ሌላው ጋ ዘገየ። የአገሩ ወጣት ወንዶች ደግሞ ለውትድርና ሲጠሩ የአእምሮ ችሎታ ፈተና ይወስዳሉ። ተመራማሪዎች ሁለቱን አያይዘው ሲያዩት፣ በልጅነታቸው የንግድ ቴሌቪዥን በብዛት የደረሳቸው ወንዶች የፈተና ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሱትም ቁጥር ቀንሷል። ምክንያቱ ቀላል መዝናኛ ጭንቅላት የሚያሠሩ ሌሎች ነገሮችን ገፍቶ ማስወጣቱ ይመስላል አሉ።

እኔን ያስገረመኝ ግን ይሄ ነው፤ ጉዳቱ በርትቶ የታየው የተማሩ ወላጆች ባሏቸው ልጆች ላይ ነው። ሰው የሚጠብቀው ተቃራኒውን ነው። በጊዜ ሽሚያ ስታስቡት ግን ይገባል፤ መጽሐፍ በሞላበት፣ ሰው ከልጁ ጋር ቁጭ ብሎ በሚያወራበት ቤት ቴሌቪዥን የሚነጥቀው ብዙ ነገር አለ።

ጣሊያንም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። በ1980ዎቹ የባለሀብቱ የቤርሉስኮኒ የግል ቴሌቪዥን ድርጅት፣ ሜዲያሴት፣ ፊልም፣ ተከታታይ ድራማና የጨዋታ ፕሮግራም ይዞ ሲመጣ ሞገዱ ቀድሞ የደረሳቸው ከተሞች ነበሩ። እዚያ ያደጉ ልጆች አዋቂ ሆነው የንባብና የሒሳብ ፈተና ሲሰጣቸው ደከም ብለው ተገኙ። ጥናቱ የወጣው በ2019 ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፣ ምክንያቱም ነገሩ እዚያ ይገለበጣል። ቴሌቪዥን በ1940ዎቹ መጨረሻና በ50ዎቹ ወደ ከተሞቹ በተለያየ ጊዜ ነው የገባው። ጌንትዝኮው እና ሻፒሮ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የተማሪዎችን የ1965 የፈተና ውጤት ሲያዩ ትምህርት ቤት ሳይገቡ ቴሌቪዥን ያዩ ልጆች አልተጎዱም፤ ትንሽ እንኳ ተሻሉ። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው እንግሊዝኛ ዋና ቋንቋ ባልሆነበት ቤት ነው። ለእነዚያ ልጆች ቴሌቪዥኑ ቋንቋ ይዞላቸው ገባ። ውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ ሀበሾች ይሄን ገልብጦ ማየት ይቻላል ባይ ነኝ፤ ደካማ የሚባል የአማርኛ ፊልም እንኳ ልጁ ከእናትና አባቱ ሌላ ሰው በአማርኛ ሲያወራ የሚሰማበት ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ደግሞም ሽሚያው ሁልጊዜ በቴሌቪዥኑ አሸናፊነት አያልቅም። እናት ማታ ተከታታይ ድራማ እያየች ነው፣ የአምስት ዓመት ልጇ አጠገቧ ተለጥፏል። «እማዬ፣ ለምን አለቀሰች?» «ባሏ ስለዋሻት።» «ለምን ዋሻት?» ድራማው የፈለገውን ያህል የማይረባ ይሁን፣ ይህ ልጅ ምክንያትና ውጤት እያያያዘ ነው። «ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው» ስትለው ግን የተነጠቀው ያ ጨዋታ ነው። እኔ ወላጅ ሁሉ ከፊልም ምርጫው በፊት ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

አዋቂስ? ለአዋቂ ብዙም አልሰጋም። ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ያለው የማክስ ፕላንክ የምርምር ተቋም ሁለት ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት፣ መጥፎነታቸው የታወቀ ርካሽ ፊልሞችን ወደው የሚያዩ ሰዎች ከአማካዩ በላይ የተማሩ ሆነው ተገኝተዋል፤ ከርካሹ ፊልም ጎን ከበድ ያለውንም የጥበብ ሥራ ይከታተላሉ። ፊልሙ ብልህ አደረጋቸው ማለት አይደለም። ግን ሌላ የሚያነቡት፣ የሚሠሩት፣ የሚያወሩት ነገር ስላለ አንድ ቀሽም ፊልም የሚወስድባቸው ነገር ትንሽ ነው።

ለአዋቂ የምፈራው ሽሚያ የእንቅልፍ ነው። «አንድ ክፍል ብቻ» እየተባለ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይሆናል፣ ጠዋት ትኩረት የለም፣ ትናንት የተነገረ ነገር ይረሳል። እንዲያ ያመሸነው ኦስካር የወሰደ ፊልም እያየን ከሆነም ጠዋት ያው ነው።