ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚዘጋ መስኮት

ወገኖች፣ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ፥ ለዲያብሎስም ፈንታ አትስጡት» (ኤፌ. 4፥26-27) የሚለውን ቃል ይዘን «ኢምፕረስ ኦቭ አየርላንድ» የተባለችው የእንፋሎት መርከብ እንዴት እንደ ሰጠመች እንመልከት።

በ1914 እ.ኤ.አ. 1,477 ሰዎችን ይዛ ከካናዳዋ ኩቤክ ወደ ሊቨርፑል ተነሣች። ከእነርሱም ውስጥ ለንደን ወደሚደረግ ጉባኤ የሚሄዱ ብዙ የሳልቬሽን አርሚ (ወንጌልን የሚሰብክና ድሆችን የሚረዳ ክርስቲያናዊ ማኅበር) አገልጋዮች ነበሩ። የታይታኒክ አደጋ ገና ሁለት ዓመቱ ስለ ነበር የነፍስ አድን ጀልባው ነገር ታስቦበታል፤ ለሁሉም ይበቃ ነበር። ሜይ 29 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ በሴንት ሎውረንስ ወንዝ ላይ በወረደው ጭጋግ ውስጥ፣ ድንጋይ ከሰል የጫነችው የኖርዌይ መርከብ «ስቶርስታድ» ቀኝ ጎኗን ወጋቻት። «ኢምፕረስ» በ14 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች፤ 1,012 ሰዎችም ሞቱ።

ጀልባ ሳይጎድል ለምን? መርከቧ ወዲያው ወደ ቀኝ አዘነበለች። ተኝተው የነበሩት ተሳፋሪዎች አየር እንዲገባ ክፍት የተዉአቸው ክብ መስኮቶች ከውኃው በታች ሆኑና እያንዳንዱ ሌላ ቀዳዳ ሆነ። በክፍሎቹ መካከል ያሉት ውኃ የማያሳልፉ በሮች የሚዘጉት በሰው እጅ ስለ ነበር ጊዜ አልበቃም። የግራዎቹ ጀልባዎችም ከማዘንበሏ የተነሣ ሊወርዱ አልቻሉም። የሞቱት ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች ነበሩ ማለት ግን አይደለም፤ ጌታ በሰሊሆም ግንብ ስለ ሞቱት የተናገረውን (ሉቃ. 13፥4) አንርሳ።

ይህንንም የታይታኒክንም አደጋ የመረመሩት እንግሊዛዊው ዳኛ ሎርድ ሜርሲ የሰጡት ምክር ይደንቃል፦ መስኮቶቹ ከፀሐይ ግባት እስከ ፀሐይ መውጫ፣ በሮቹ ደግሞ በጭጋግ ጊዜ ይዘጉ። ሐዋርያው ለቁጣ የሰጠውም ሰዓት ያው ነው! ክፍት መስኮት ባሕሩ ጸጥ ሲል ምቾት ነው፤ ቂምም በሰላሙ ቀን ጉዳቱ አይታይም። ጾምና ጸሎት እንደ ጀልባዎቹ ተሟልተው ሳለ መስኮቱ ክፍት ሊያድር ይችላል።

ስለዚህ በትዳር ውስጥም ይሁን ከወንድም ጋር ከተጣላን ከመኝታ በፊት እንነጋገር። «አንተም ደግሞ» ሳንል የራሳችንን ጥፋት ብቻ ጠርተን ይቅርታ እንጠይቅ፤ የአምናውን ጥል አናንሣ። ያኛው እንቢ ካለ ወይም ስልክ ካላነሣ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» (ሮሜ 12፥18) ተብሏልና ስሙን ጠርተን ጸልየንለት እንተኛ፤ ጠዋት ደግሞ እንደውልለት።