የባሩድ ካርትሪጅ ሁለት ዕድሜዎች

ተዋጊ ጄት ሲበላሽ አብራሪውን ከነመቀመጫው አስፈንጥሮ የሚያወጣው ባሩድ የታጨቀበት ካርትሪጅ ነው። በአሜሪካ ባሕር ኃይል አሠራር ይህ ዕቃ ሁለት የዕድሜ ገደብ አለው፤ የሚያደናግረውም ይኸው ነው። አንደኛው ከተመረተበት ጊዜ ይቆጠራል። ሁለተኛው የሚጀምረው አየር የማያስገባው ማሸጊያ ሲከፈት ነው፤ ገና ባይገጠምም እንኳ! ስለዚህ የተከፈተበት ቀን በማይለቅ ቀለም ይጻፍበታል። ቀድሞ የሞላው ገደብ ይጸናል።

ገደቡ ትክክል መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ካርትሪጁ አንዴ ከተተኮሰ አለቀለት፤ ሞክሮ መልሶ መግጠም የለም። ስለዚህ ያገለገሉ ናሙናዎች ከአውሮፕላን ተፈተው፣ ከፊሎቹ በብርድ ከፊሎቹ በሙቀት ቆይተው ይተኮሳሉ። መተኮሱ ብቻ አያሳልፍም፤ የግፊቱ መጠንና የፈጀው ጊዜ ይለካል፤ በእኔ እይታ የዘገየ ከከሸፈ አይሻልም። ናሙናዎቹ ከደከሙ አብረዋቸው የተመረቱት ሁሉ ዕድሜ ያጥራል፤ ከጸኑ ሊራዘም ይችላል።