“ፎርጅድ ነው” ስለሚባሉት ጠመንጃዎች፦ ወሬው ሌላ፣ ብረቱ ሌላ

በአፈሙዝ የሚጎረስ ጠመንጃ ዛሬም ይሠራል። ባሩዱም አረሩም በፊት በኩል ገብቶ በዘንግ የሚጠቀጠቅበትን ማለቴ ነው። የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሞዴሎች ጣሊያን፣ ስፔንና ህንድ ውስጥ እየተቀዱ ይመረታሉ። ትልቁ ገበያቸው አሜሪካ ነው። የሚገዟቸው ዒላማ ተኳሾች፣ አዳኞችና የድሮ ጦርነትን በትርዒት የሚያሳዩ ሰዎች ናቸው።

ስለ ጥራታቸው የሚወራው ግን ጉድ ነው። አንዱ “ከውጭ የመጣ ሁሉ ቆርቆሮ ነው” ይላል፣ ሌላው “ጣሊያን ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ” ይላል። ሁለቱም ጠመንጃውን ገልብጠው አላዩትም። እስቲ ወሬዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

“ከውጭ የሚመጣ ቅጂ ሁሉ ርካሽ መጫወቻ ነው”

ይሄ ወሬ የጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መቶኛ ዓመት እየተቃረበ ሲመጣ የድሮ ጠመንጃና ሽጉጥ ፈላጊ በዛ። የጥንቶቹ ውድ ነበሩ፣ በዚያ ላይ አርጅተዋል። ስለዚህ አስመጪዎች ወደ ሰሜን ጣሊያን ሄዱ፣ ብሬሺያ አጠገብ ወዳለችው ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ። ጠመንጃ ሠሪው ፔደርሶሊ እዚያ የተቋቋመው በ1957 ነው፣ ሌላው ሠሪ ኡቤርቲ በ1959። ከዚያ በኋላ ገበያው ሲሟሟቅ በየጓዳው መሥራት ተጀመረ፤ መሃል ላይ ቀሽም ነገርም ወጣ። ብሎኑ እንደ ቅቤ የሚላላ፣ ሞላው በወሩ የሚሰበር። ስሙ የጠፋው ያኔ ነው።

ግን ጋርዶኔ ማለት የጠመንጃ ሠሪዎቹ የቤሬታ ቤት በ1526 ለቬኒስ የጦር ግምጃ ቤት 185 የጠመንጃ ቱቦ የሸጠበት ሸለቆ ነው። እዚያ ብረት መብሳት የአያት የቅድመ አያት ሥራ ነው። በዓለም አቀፍ የአፈሙዝ ጎራሽ ውድድሮች ላይ የጥንት ኦሪጅናሎችና ቅጂዎች በተለያየ ምድብ ይወዳደራሉ፤ በቅጂው ምድብ የፔደርሶሊን ጠመንጃ ይዞ መምጣት የተለመደ ነው። በመጫወቻ ማንም ሜዳሊያ ፍለጋ አይመጣም።

አንድ የሚያስቀኝ ነገር ልጨምር። በ1970ዎቹ የአሜሪካው ሽጉጥ ሠሪ ኮልት ራሱ የድሮ ሽጉጦቹን እንደገና ማውጣት ጀመረ። “የጣሊያን ኮፒ አልፈልግም፣ እውነተኛ ኮልት ነው የምገዛው” ያሉ ሰዎች ከፍ ያለ ዋጋ ከፈሉ። የእነዚያ ሽጉጦች ጥሬ ክፍሎች የመጡት ከኡቤርቲ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ተሞርደው፣ ተወልውለው፣ ተገጣጥመው ወጡ።

“ጣሊያን ከሆነ ጥያቄ የለውም”

አለው እንጂ። ጥራት የሚለየው በሞዴልና በምርት ዘመን ነው፣ አንዳንዴም በዚያው ፋብሪካ ውስጥ። ምሳሌ ልስጣችሁ። የኮልት ዓይነት ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ከላይ ክፍት ነው፤ ፊተኛው ቱቦ ከኋለኛው አካል ጋር የሚያያዘው በመሃል በሚያልፍ ወፍራም ዘንግና በጎን በምትገባ ትንሽ ሽብልቅ ነው። በኦሪጅናሉ የዘንጉ ጫፍ ቱቦው ውስጥ ካለው ጉድጓድ መጨረሻ ጋር ይጋጠማል። በብዙ የኡቤርቲ ሽጉጦች ዘንጉ ትንሽ ያጥራል። ስለዚህ ሽብልቋን ጠበቅ ስታደርጓት ቱቦው ወደ ኋላ ይሳብና ተሽከርካሪውን ክፍል ይይዘዋል። ላላ ስታደርጓት ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ሰውየው “የጣሊያን ጥራት” ብሎ ገዝቶ አንድ ቀን ሙሉ ሽብልቅ ሲመታ ይውላል። የሚያውቅ ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ልኳን የጠበቀች ትንሽ የብረት ቁራጭ ከትቶ ይገላገላል። ውጪው ግን ያበራል፣ ሰማያዊ ቀለሙ እንከን የለውም! ፎቶ አይቶ የገዛ ሰው ይህን በምን ያውቃል?

“ፋብሪካው ማህተም ስለመታበት ተፈትሿል”

የፋብሪካ አርማ አንድ ነገር ነው፣ የፍተሻ ማህተም ሌላ። ጣሊያንና ስፔን በዓለም አቀፍ ስምምነት የታሰሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ከመደበኛው በላይ ተጎርሶ፣ ተተኩሶ፣ ካልፈነዳና ካላበጠ ነው ማህተም የሚያገኘው። የጣሊያኑ ፍተሻ ቤት ጋርዶኔ ነው፣ የስፔኑ ኤይባር። በጣሊያን ቅጂ ላይ “ፒ” እና “ኤን” የሚሉ የላቲን ፊደላት ካያችሁ “ጥቁር ባሩድ” ማለት ነው። አጠገቡ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሁለት ፊደላት የተፈተሸበትን ዓመት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይነግሯችኋል፤ ሁለት “ኤ” ጎን ለጎን ከሆኑ 1975 ነው፣ “ኤ” እና “ቢ” ከሆኑ 1976፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ሻጭ “አዲስ ነው ማለት ይቻላል” ሲላችሁ እሷን ሳጥን ፈልጉ።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ዓይነት የግዴታ የመንግሥት ፍተሻ ቤት የለም። ስለዚህ “ከውጭ የመጣው አልተፈተሸም፣ የአገር ቤቱ ተፈትሿል” የሚለው የአሜሪካኖች ክርክር የተገለበጠ ነው።

ማህተሙ የሚመሰክረው ግን የቱቦውን ጥንካሬ ብቻ ነው። ቃታው ይለስልሳል፣ ድንጋዩ ይፈነጥቃል፣ አረሩ ዒላማ ይመታል አይልም።

“የህንድ ሙስኬት ቦምብ ነው” / “የህንድ ሙስኬት ከጣሊያን ምንም አይተናነስም”

ሙስኬት ማለት የድሮ ወታደር ረጅም ጠመንጃ ነው። ሁለቱም ይባላል፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጭቅጭቅ ውስጥ። እውነታው ያን ያህል አያስጮህም። ህንድ የዚያ የፍተሻ ስምምነት አባል አይደለችም። ከእዚያ የሚመጡት ባለ ድንጋይ ሙስኬቶች፣ ድንጋይ ብረት ፍቆ በሚያወጣው ብልጭታ የሚተኩሱት፣ ብዙዎቹ እሳቱ ወደ ባሩዱ የሚያልፍባት ቀዳዳ ሳትበሳ ይሸጣሉ፤ ያኔ ጠመንጃው በወረቀት ላይ ማስጌጫ ነው። ቀዳዳዋን የበሳ ሰው ኃላፊነቱን ወሰደ ማለት ነው። ብዙ ሰው ቀዳዳዋን በስቶ ለዓመታት በትርዒት ላይ ያለ አረር ተኩሶባቸዋል። እኔ ግን የማውቀው ፍተሻ ቤት ያላየውን ቱቦ ፊቴ አጠገብ አስጠግቼ አረር አልተኩስበትም። ፈሪ በሉኝ።

የእነዚህ ሙስኬቶች ዋና ችግር ብዙ ጊዜ ፍንዳታም አይደለም፣ ብልጭታ ነው። መዶሻው የያዘው ድንጋይ የሚፍቀው ብረት በደንብ ካልጠነከረ ድንጋዩ ይቦረቡረዋል እንጂ እሳት አይወጣውም። ለማወቅ ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን አረጋግጡ፣ ጨለማ ክፍል ግቡ፣ ቃታውን ሳቡ። ነጭና ቢጫ ብልጭታ እየተንጣጣ ወደ ታች መውረድ አለበት። ሁለት ሦስት ቀይ ነጥብ ብቻ አይታችሁ ከሆነና ድንጋዩም ስል ከሆነ፣ ብረቱን በእሳት እንደገና የሚያጠነክር ባለሙያ ያስፈልጋችኋል። ይህ ደግሞ በጣሊያንና በስፔን ሥራም ላይ ያጋጥማል።

“ቢጫው ናስ ያምራል፣ ጥንካሬውም ያው ነው”

ያምራል። ያው ግን አይደለም። ኮልት የ1851 “ኔቪ” ሽጉጡን አካል የሠራው በብረት ነው። በናስ የሠሩት በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ብረት ያጠራቸው የአሜሪካ ደቡብ ፋብሪካዎች ናቸው፤ ጆርጂያ የነበረው ግሪዝዎልድ እና ጋኒሰን ለምሳሌ። የዛሬዎቹ የናስ ቅጂዎች ርካሽ ስለሆኑ ጀማሪ ይገዛቸዋል፣ ከዚያ በየጊዜው እስከ አፉ ባሩድ ይሞላቸዋል። ቆይቶ ሽጉጡን ሲፈታው ተሽከርካሪው ክፍል የሚደገፍበት የናስ ግድግዳ ላይ ክብ የጥርስ አሻራ ታትሞ ያገኛል። ናሱ ተረግጧል፣ ተሽከርካሪው መወዛወዝ ጀምሯል። በቀላል ጉርሻ የተያዘ ግን ዕድሜ አለው።

እግረ መንገዴን፦ ኦሪጅናሉ ኔቪ .36 ካሊበር ብቻ ነበር። “.44 ኔቪ” የዛሬ ገበያ ፈጠራ ነው። ጥራቱን አይነካም፣ የታሪክ ሰው ፊት ይዛችሁ አትቅረቡ እንጂ።

“አሮጌው ምርት ሁሌም ይበልጣል”

እንግሊዛዊው ፋብሪካ ፓርከር-ሄል በ1970ዎቹ ያወጣው ኤንፊልድ፣ የጥንቱ የእንግሊዝ ጦር ጠመንጃ ቅጂ፣ በጥንቱ የመለኪያ መሣሪያዎች ተመርኩዞ የተሠራ ስለሆነ ተኳሾች እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። ይገባዋል። ግን እሱ አንድ ነው። በ1970ዎቹ የተሠራ ስም የለሽ ሽጉጥ ዛሬ በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። ደግሞ ያ ፓርከር-ሄል የሚለው ስም በኋላ በጣሊያን ሥራ ላይ ተለጥፎ ወጥቷል፤ የፍተሻ ማህተሙን ሳታዩ ዋጋ አትስጡ። አዲስ ስለሆነም አትመኑ። ሲቪኤ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1997 ከሁለት ዓመት ምርት፣ ከ1995 እና ከ1996፣ የሆኑ ዘመናዊ አፈሙዝ ጎራሾቹን በቱቦው ችግር ምክንያት ከገዢዎች መልሶ ሰብስቧል።

“ቱቦው ዝጎ ከተበላ ብረቱ ቀሽም ነበር”

አይደለም፣ ባለቤቱ ሰነፍ ነበር። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል የሚተወው ጥቀርሻ እርጥበት ይስባል፤ ምርጡ ብረትም ቢሆን ሳይታጠብ ሲያድር ዝገት ይጀምረዋል። የሚያጸዳው ውሃ ነው፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። ቱቦው መሃል ላይ እንደ ቀለበት ያበጠ ከሆነም አረሩ ባሩዱ ላይ ሳይቀመጥ ስለተተኮሰ ሊሆን ይችላል። በሌላ ዓይነት ባሩድ፣ በዘመናዊው ጭስ አልባ ማለቴ ነው፣ ተሞልቶ የፈነዳውንማ የትኛውም ፋብሪካ ሊያድነው አይችልም።

“አልተኩስ ካለ ፎርጅድ ነው”

አንድ ወዳጄ ባለ መዳብ ቆብ ጠመንጃ ነበረው፤ መዶሻው ሲመታት ፈንድታ ባሩዱን የምታቀጣጥል ትንሽ ቆብ ያለችው ዓይነት። ቆቧ ትፈነዳለች፣ ባሩዱ ዝም። ሁለት ጊዜ ዒላማ ሜዳ ይዞት ሄዶ ሁለት ጊዜ ተሳቀበት። “ይሄ ከውጭ የመጣ ጉድ” እያለ በግማሽ ዋጋ ለእኔ ሸጠው። ቤት ወስጄ ባዶ መሆኑን በዘንጉ ለካሁ፤ ቆቧ የምትቀመጥባትን ጫፍ ፈታሁ፣ ከጎን ያለችውን ትንሽ ብሎንም አወጣሁ። ከውስጥ እንደ ሰም የረጋ ጥቁር ዘይት ወጣ። ወዳጄ “ዝገት እንዳይነካው” እያለ ለዓመታት ዘይት ሲያንቆረቁርበት ኖሮ የእሳቱን መንገድ ደፍኖታል። በቀጭን ሽቦ ጠርጌ፣ አድርቄ፣ በሳምንቱ ሜዳ ላይ ወሰድኩት። በመጀመሪያው ቃታ ተኮሰ።

አሁን በሸጠልኝ ዋጋ መልስልኝ እያለ ይደውላል።