የእናት ጅምር መሶብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጎንደር ውስጥ እናት ካረፈችበት ቤት ያላለቀ ስፌት አይጠፋም። መሶብ ይሆናል፣ ሌማት ይሆናል። ወስፌው እንደተሰካ፣ አለላው በፌስታል እንደተቋጠረ ነው። ልጆች ዕቃ ሲከፋፈሉ እዚህ ላይ ይጣበቃሉ። አንዷ «እጇ ያረፈበት ነው፣ ማንም እንዳይነካው» ትላለች። ሌላው «ለሚችል ሰው ከፍለን እናስጨርሰው» ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ሳይሆን ይቀርና አይጥ ይበላዋል።

እኔ ልጆቿ ይጨርሱት ባይ ነኝ። ምክንያቴን ከመጽሐፍ ላምጣ።

ቅዱስ ዳዊት ለእግዚአብሔር ቤት ሊሠራ በልቡ አስቦ ነበር። ደም አፍስሷልና አልተፈቀደለትም። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ወርቁን፣ ብሩን፣ ዝግባውን አዘጋጀ። የቤቱንም አሠራር ለልጁ ለሰሎሞን ሰጠው (1ኛ ዜና 28)። ሰሎሞን በነገሠ በ4ኛው ዓመት ጀምሮ በ7 ዓመት ጨረሰው። የራሱን ቤት መሥራት አቅቶት አይደለም፤ እሱንም በ13 ዓመት ሠርቷል። የአባቱን ሐሳብ ግን አስቀደመ።

የእኛ ፋሲል ግቢ ሌላ ታሪክ አለው። ዐፄ ፋሲል የሠሩት ግንብ አለ። አጠገቡ ዐፄ ኢያሱ የራሳቸውን፣ ዐፄ በካፋ የራሳቸውን፣ እቴጌ ምንትዋብም የራሳቸውን ሠርተዋል። ወቀሳ አይደለም፣ በግንቡ የማይኮራ ጎንደሬ የለም! ግን እኛም አዲስ መጀመር ይቀናናል። የሌላ ሰው ጅምር ላይ መቀመጥ ትዕግሥት ይጠይቃል።

«ስፌት አልችልም» የምትል እኅት አትጠፋም። ሰሎሞንም ዝግባ ቆራጭ አልነበረም፤ ባለሙያ ከጢሮስ አስመጣ። ከእናታችሁ ጋር ቡና እየጠጣች ስትሰፋ የኖረች ጎረቤት አለች አይደል? እሷን ጥሯት። አያያዙን ታሳያችኋለች። ሣሩ ካልራሰ ይሰበራል፣ ወስፌውም ጣት ይወጋል። «ስፌት የሴት ነው» የሚለው ወንድም ቢያንስ ሣሩን እያራሰ ያቀብል። አንድ ላይ ስትቀመጡ ለቅሶ ይመጣል፣ ጸሎት ይመጣል፣ ሐሜትም ሊመጣ ይችላል። ሐሜቱን «ነፍስ ይማር» እያላችሁ መልሱት። ለብዙ ወንድማማቾች ከቀብር በኋላ አብረው የሚቀመጡበት ሰበብ ይህ ብቻ ነው።

ደግሞ ለ40 ካልደረሰ ብላችሁ አትጣደፉ። ስንደዶ የሚነቀለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም ነው። እናታችሁ በሌላ ወቅት አርፋ ሣሩ ካነሰ ለሙት ዓመቷ ይድረስ። ተዝካሯ የሚፈልገው ጸሎተ ፍትሐትና ምጽዋት ነው። ለድንኳንና ለበሬ መበደሩንም፣ በእኔ አስተያየት፣ ብንተወው ይሻላል።

ካለቀ በኋላ ቡፌ ላይ አታውጡት። ዶርቃ በኢዮጴ ስትሞት መበለቶቹ ለቅዱስ ጴጥሮስ ያሳዩት የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ ነበር (ሐዋ 9፥39)። ሥራዋ የተገኘው በድሆች እጅ ነው። እናንተም በሙት ዓመቷ እንጀራውን በዚያ መሶብ ሞልታችሁ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወይም ቁስቋም ደጅ ላሉ ነዳያን ውሰዱ። ቢጎድፍም ይጎድፍ። በየዓመቱም ይውጣ።

ለቤተ ክርስቲያን ተስላ የጀመረችው መሶበ ወርቅ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። መሶበ ወርቅ ኅብስቱ ከሚጋገርበት ቤት፣ ከቤተልሔም፣ ወደ መቅደስ የሚገባበት ነው። ስለትን መክፈል አታዘግይ ተብሎ ተጽፏል (ዘዳ 23፥21)። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩና እንዳዘዟችሁ አድርጉ። አምሮ ቢወጣ፣ ዓይናችሁም ቢሳሳ ቤት አታስቀሩት። ለማን ይደርሳል እያላችሁ ስትነታረኩበት ከሰነበታችሁ ጭቅጭቁ እዚያው ያልቃል፤ የአንዳችሁም አልነበረም።